መድኃኒቱና ሶላቱ እንዳይጣሉ

ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰማን ዓመታት አብሮን የሚኖር፣ ውስጥ ውስጡን ግን ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ነበረባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉትም አያውቁትም ነበር። ላልተሰማ ሕመም በየቀኑ ክኒን መዋጥ ከባድ ነው። ያሳመመው ክኒኑ ራሱ መስሎ ሲታይ ደግሞ ይብሳል።

በሰፈራችን ያሉ አንድ ሐጂ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዞላቸው ከዒሻ በኋላ ይውጡ ነበር። ይህ መድኃኒት ጨውና ውኃን በሽንት የሚያስወጣ ነውና ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ እየተነሱ ለፈጅር መነሳት አቃታቸው። ውዱእ እንዳይፈታባቸው እየሰጉም ከጀመዓ ራቁ። በመጨረሻም «ክኒኑ ከሶላት አጣላኝ» ብለው ተዉት። ልጆቻቸው ተቆጡ፣ እኛም መከርን፤ አልሆነም።

የሰሙት አንድ ወጣት ፋርማሲስት ነው። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ ሊገዙ አብረናቸው ሄደን ሳለ፣ «ሐጂ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ይኖራል?» አላቸው። ሁሉን ዘረገፉለት። አልተቆጣቸውም፤ ወንበር አቀረበላቸው እንጂ። ዲክሎፌናክ ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ አስረድቶ ፓራሲታሞል ሰጣቸው። የተዉትን ክኒን ደግሞ ሐኪማቸውን አማክረው ጠዋት ጠዋት እንዲውጡት መከራቸው፤ የሽንቱ ጥድፊያ በአብዛኛው በቀን እንዲያልፍ ነው። ሐኪሙም ተስማማ። መድኃኒቱም መጠኑም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። እንቅልፋቸውና ፈጅራቸው ግን ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ። ባለሙያዎቹ «የኑሮ ጥራት» የሚሉት ይህንን ይመስለናል፤ የግፊት መለኪያው አያሳየውም።

ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው የማይለቅ ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። በሌላ የሚተኩበት መንገድ አለ፤ በሽተኛው ግን ብርድ መትቶኝ ነው ብሎ ዝም ይላል፣ ወይም በራሱ ያቆማል። ደግሞስ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ በመስኮት በኩል ስለ ሽንቷ የምትናገር እናት የት ትገኛለች? ክኒኑን ቆጥሮ፣ ፓኬቱ ላይ ሁለት ጭረት አድርጎ የሚያሰናብተውም አልጠፋም። ገለል ያለ ቦታ እንዲሰጠን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጥቁር አዝሙድን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያወደሱት ስለሆነ እንወደዋለን። ሕመም ሲገጥመን እንድንታከም ያዘዙንም እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በክኒኑ ምትክ ማድረጉ ለእኛ አይታየንም። የምንወስደው ከሆነም ለፋርማሲስቱ እንንገረው። ጫት የሚቅምም እንዲሁ ይንገር፤ ጫት ግፊትን ይጨምራልና።

ረመዷን ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። በቀን ሁለቴ የሚዋጠው አንዴ በሚዋጥ ይተካ ይሆን? ሱሑር ላይ ነው ወይስ ኢፍጣር ላይ? የሽንቱ ክኒን ለጾመኛ ይስማማል? አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን አቅልሎለታልና፣ መጾም የሌለበት ማን እንደሆነም ከሐኪም ጋር የሚታይ ነው። ሻዕባን ሳይወጣ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ማስታገሻውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዞ ሄዶ መጠየቅ ነው።