ጽጌረዳውን ንቀዪው ላሉኝ

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግረው ጽጌረዳዎቼን ቃኙና «ልጄ፣ ይሄ ነገር የቦንጋ አይደለም። ንቀዪውና ጎመን ትከዪበት» አሉኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅጠሉ ግማሹ ረግፏል፤ በቀረውም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ ዙሪያው ቢጫ ሆኗል። ነሐሴ ላይ ያየው ሰው መስከረም ላይ ያብባል ብሎ አይገምትም። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ልጽፈው ነው።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ፈንገስ ነው። ዘሩ ቅጠል ላይ አርፎ ወደ ውስጥ ለመግባት ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በእኛ ክረምት ደግሞ 7 ሰዓት ምን አላት! ማታ የጀመረ ካፊያ የጠዋቱ ቡና ሦስተኛው እስኪወርድ አያባራም። ባቱና ሆለታ ያሉ እርሻዎች ለውጭ ገበያ የሚልኩትን ጽጌረዳ በፕላስቲክ ቤት የሚያሳድጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ግን ደረቅ ሆኖ ይውላል። የፕላስቲክ ቤት ለሌለን ለእኛ መድኃኒቱ ነፋስ ነው። አንዱን ከሌላው አራርቃችሁ ትከሉ። ከጣሪያ ጠፈጠፍ አርቁት። መሀል ለመሀል የተጠላለፉትን ቅርንጫፎች ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ግረዙ። ከሁሉም በላይ የረገፈውን ቅጠል ልቀሙ። በሽታው ለከርሞ የሚያድረው እሱ ላይ ነው።

ስለ ሰርዶ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በዶማ አትምቱት። የተቆረጠው ቁራጭ ሁሉ ሥር ሰዶ እንደገና ይበቅላል። ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው ዙሪያውን ፈልፍላችሁ ቀስ ብላችሁ ከነገመዱ ምዘዙት። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ በነሐሴ የቦንጋን ግቢዎች ብታይ ኑዛዜዋን ቀዳ ትጥል ነበር።

ፀረ አረም ግን እባካችሁ በዚህ ወቅት አትርጩ። ከሰዓት የሚዘንበው ዝናብ አጥቦ ወደ ጽጌረዳው ሥርና ወደ ወንዙ ይወስደዋል። ክሽክሽ ከመጣም የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ካፋ የማር አገር ነው፤ አበባችን ላይ የምናርከፈክፈው መርዝ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሰቀለውን ሰው ንብ ይገድላል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስና፣ «የቦንጋ አይደለም» ሲሉኝ ከሁሉም በላይ ያመመኝ የቀጋ ነገር ነው።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አጥሩ ዙሪያውን ቀጋ ነበር። ነጭ አበባው ሲፈነዳ መዓዛው ክፍል ድረስ ይገባል። ፍሬው ሲቀላ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ኳስ የሚያባርር ልጅ አይገኝም፤ ሁላችንም አጥሩ ላይ ነን። ሥጋውን እንበላለን፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚበላ እንተፋዋለን፤ ክንዳችን በእሾህ ተቧጭሮ፣ ከንፈራችን ቀልቶ እንመለሳለን። አምና ለለቅሶ ስሄድ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቀጋው ከነሥሩ ተመንጥሮ ቆርቆሮ ታጥሮበታል። «እሾህ ነው፣ ልጆቹን ይወጋል፣ አያምርም» ተብሎ ነው አሉኝ። በሩ ላይ ደግሞ፣ ለማስጌጫ፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ጽጌረዳ በጣሳ ተተክሏል።

ቀጋ እኮ ጽጌረዳ ነው! የሳይንስ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅለው የጽጌረዳ ዝርያ እሱ ብቻ ነው። የሚረጭለት፣ የሚያጠጣው፣ የሚገርዘው ሳይኖር ክረምቱንም በጋውንም ችሎ የኖረውን የራሳችንን ጽጌረዳ እሾህ ብለን ነቀልነው። ይህን ያዘዘ ሰው ክፉ አይመስለኝም። የነቀለው ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ግን አልነበረም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እሺ፣ በእሱ ፋንታስ ምን ተከልን? የጎረቤቴ አጥር የወፍ ቆሎ ነው። ቢጫና ሮዝ አበባው በእውነት ያምራል፤ በሽታ አይነካው፣ ፍየል አይደፍረው። ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ለጌጥ ተብሎ ወደ ብዙ አገር የተወሰደ ተክል ነው። ጥቁሩን ፍሬ ወፍ ይበላና ዘሩን ሄዶ በደረሰበት ይጥለዋል። ከብት ሲርበው ከበላው ጉበቱ ይጎዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ይቆስላል። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር አይበረታም። የጫካውን ዳርና ዛፍ የተቆረጠበትን ክፍት ቦታ ግን ከያዘ በሥሩ ሌላ ችግኝ አያስበቅልም።

ወፍ ከቦንጋ ተነስቶ ጫካ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ይህ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ ምድር ነው፤ የጫካ ቡና ራሱ ዘርቶ ራሱ የሚበቅልበት ነው። የኔ በሽተኛ ጽጌረዳ አንድ ዘር እንኳ ወደዚያ አይልክም። ጤነኛው አጥር ግን በየቀኑ ይልካል።

እትዬ፣ ልጅዎ ይህን ያነብልዎታል ብዬ ነው፤ አይቀየሙኝ። ቅዳሜ ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ፣ የወፍ ቆሎውን አብረን እንነቅለዋለን፤ ጎመኑንም እዚያው እንተክላለን። ሌሎቻችሁም የወፍ ቆሎ አጥር ያላችሁ፣ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ከግንዱ ያቆጠቁጣል። አፈሩ እንደረጠበ፣ ፍሬው ሳይጠቁር፣ በዚህ ክረምት ከነሥሩ ንቀሉት።