ሴትዮዋና መቀሷ

የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን ፊልም የቱ ነው ብላችሁ መንገደኛ ብታስቆሙ "ስኖው ኋይት" ይላችኋል፡፡ ዲዝኒ፣ 1937 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)፡፡ እኔ ደግሞ የካርቱን ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ እንጀራዬ ነዋ! ከዚያ 11 ዓመት ቀድሞ፣ በ1926፣ በርሊን ውስጥ "የልዑል አህመድ ጀብዱ" የሚባል ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አኒሜሽን ታይቷል፡፡ አርጀንቲና ውስጥ ከእሱም የቀደመ ተሠርቶ ነበር፤ ግን ጠፍቷል፡፡ ከተረፉት ውስጥ አንጋፋው ይሄ ነው፡፡ የሠራችው ሎተ ራይኒገር ትባላለች፡፡ ፊልሙ ሲመረቅ ገና 27 ዓመት አልሞላትም፡፡

የሠራችበት መሣሪያ ምን መሰላችሁ? መቀስ፡፡

ከጥቁር ካርቶንና ከስስ እርሳስ (የሚጻፍበቱ ሳይሆን ብረቱ) የሰው ቅርጽ ትቆርጣለች፤ አንገቱን፣ ክንዱን፣ ጉልበቱን ለየብቻ፡፡ መጋጠሚያውን በቀጭን ሽቦ ታስረዋለች፡፡ ከሥሩ መብራት የበራበት መስታወት ላይ ታጋድመዋለች፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል፡፡ እጁን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ፣ አንድ ፎቶ፡፡ ደግሞ ማንቀሳቀስ፣ ደግሞ አንድ ፎቶ፡፡ መብራት ሲሄድ ሻማ ለኩሰን ግድግዳ ላይ በጣታችን ውሻና ጥንቸል እየሠራን ያደግን ልጆች ነገሩ አይጠፋንም፡፡ የእሷን የሚለየው ጥላው ማዘን መቻሉ ነው፡፡ ፊቱ ድፍን ጥቁር ነው፤ ሐዘኑን የምታዩት አንገቱን ሲደፋ ነው፡፡

መንገዷ የተጀመረው ግን በአይጥ ነው፡፡ ተዋናይ መሆን ያማራት ልጅ ነበረች፤ ከመድረክ ጀርባ ቁጭ ብላ የተዋንያኑን ቅርጽ ከወረቀት ትቆርጥ ነበር፡፡ ተዋናይና ዳይሬክተር የነበረው ፓውል ቬገነር በ1918 ለወጣው ፊልሙ የጽሑፍ ገጾቹን እንድታስጌጥለት ወሰዳት፡፡ ፊልሙ አይጦችን በዋሽንት ስለሚያስከትል ሰው ነው፡፡ እውነተኞቹ እንስሳት አልታዘዝ ሲሉ የእንጨት አይጦችን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ መቅረጽ ግድ ሆነ፡፡ ከሚያንቀሳቅሱት አንዷ እሷ ነበረች፡፡

በ1923 ደግሞ ባንከሩ መጣ፣ ሉዊስ ሃገን፡፡ የጀርመን ገንዘብ በየሰዓቱ የሚረክስበት ጊዜ ነው፡፡ እኛ አገር ብር ሲረክስ ሰው ብረትና መኪና ገዝቶ እንደሚያስቀምጠው፣ ሰውዬው ያልተቀረጸበት የፊልም ጥቅል ገዝቶ አከማችቷል፡፡ ረጅም ፊልም እንድትሠራበት ጠየቃት፤ ፖትስዳም ጋራዡ ላይ ስቱዲዮ ሰጣት፡፡ ከባሏ ከካርል ኮህና ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ሦስት ዓመት ፈጀባት፡፡ ታሪኳን የሚያወሩ ሰዎች ትዕግሥቷን ያነሳሉ፡፡ እኔ ባንከሩን መዝለል አልችልም፡፡ ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብ ባይኖር ትዕግሥቷ የት ይደርስ ነበር?

(ሳልደብቃችሁ፣ የፊልሙ ክፉ ሰው "አፍሪካዊው ጠንቋይ" ነው፡፡ የሚበረውን ፈረስ የሠራው ግን እሱ ነው፤ ለምህንድስናው ማንም አላመሰገነውም፡፡)

እኔ የምኖረው ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው፡፡ የሳሙና አረፋ አስጨፍራለሁ፣ የዘይት ጀሪካን አስቃለሁ፡፡ የራሴ ፊልም የሚሠራው ሌሊት ነው፡፡ አክስቴ በመጣች ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ይሄን የልጆች ጨዋታ ትተሽ ሥራ የምትይዥው መቼ ነው?" ትለኛለች፡፡ ዘንድሮ እንኳን የምትደሰትበት ነገር ተገኝቷል፤ አንድ ድርጅት ቋሚ ደመወዝና የሕክምና ወጪ ያለው ቦታ አቅርቦልኛል፡፡ ውሉ ውስጥ ግን አንዲት አንቀጽ አለች፡፡ ከሥራ ሰዓት ውጪም ቢሆን የምሠራው ሁሉ የእነሱ ንብረት ይሆናል፡፡ ሌሊቴም ማለት ነው፡፡

አንቀጹን ሳነብ ብሬንዳ ቻፕማን ትዝ አለችኝ፡፡ በ1998 የሙሴን ታሪክ፣ "የግብፁ ልዑል"ን፣ ከሁለት ወንዶች ጋር ስትመራ በትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ረጅም አኒሜሽን ዳይሬክት ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፡፡ ከ"ልዑል አህመድ" 72 ዓመት በኋላ፣ ቁጠሩት! ቀጥላ ፒክሳር ውስጥ ከገዛ ልጇ ጋር ካላት ፍቅርና ጭቅጭቅ ተነስታ "ብሬቭ"ን ፈጠረች፡፡ በ2010 ከዳይሬክተርነቱ አነሷት፡፡ ፊልሙ በ2013 ኦስካር ሲያገኝ ከተካት ዳይሬክተር ጋር መድረክ ላይ ወጥታ ተቀበለች፡፡ ሽልማቱ እጇ ገባ፤ የፊልሙን መጨረሻ የወሰነው ግን ሌላ ሰው ነው፡፡

ከራይኒገር መቀሱን የቀማት የለም፡፡ ሌላውን ግን ብዙ ወሰዱባት፡፡ ሂትለር በ1933 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከባሏ ጋር ከአገር ወጡ፤ ቋሚ ቪዛ የሚሰጣቸው ጠፍቶ ከአገር አገር ሲንከራተቱ ኖሩ፡፡ በ1944 የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ በርሊን ተመለሰች፡፡ የፊልሟ ዋና ቅጂ በጦርነቱ ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው ለንደን ከተገኘ ሌላ ቅጂ የታደሰው ነው፡፡ በ1949 እሷም ለንደን ገባች፤ በ50ዎቹ ለቴሌቪዥን ተረት በተረት ላይ ሠራች፡፡ ከ70 ዓመቷ በኋላም ካናዳ ሄዳ ስትቆርጥ ነበር፡፡ በ1981 ስትሞት 82 ዓመቷ ነው፡፡

የእኔ ፊልም የጅብና የአህያ ነው፡፡ በሰከንድ 24 ሳይሆን 12 ፎቶ ነው የማነሳው (ባንከር የለኝማ)፣ በስልኬ፡፡ እስካሁን አራት ደቂቃ ሞልቷል፡፡ ለድርጅቱ ያቺ አንቀጽ ትሰረዝልኝ ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ካልተሰረዘች አልፈርምም፡፡ አክስቴ ገና አልሰማችም፡፡ መልሱ እስኪመጣ የጅቡን አንገት እንደገና መቁረጥ አለብኝ፤ ሽቦው ላልቷል፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይወልቃል፡፡