የአምና እግር

ወጣቶች ሆይ፤ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ለሥራ መውጣት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ፥ ለግብር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከእንሰት ማሳ በቀላሉ አይገኝም ነበርና፥ ብዙ አባቶች እየተነሡ ሄደዋል። ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ ሙስሊሙ ለአረፋ ይመለሳል። ስለ ትጋታቸው ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ስለሚቀሩት ልጆች ልናገር።

በ1980ዎቹ ዓመታት በወልቂጤ አቅራቢያ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከሦስተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ዘወትር አርፍዶ ይመጣል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ እንደ መሆኔ ማርፈድን ከኃጢአት ለይቼ አላየውም ነበርና ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። አባቱ በከተማ የቀን ሠራተኛ፥ እናቱ እንጀራ ጋጋሪ መሆናቸውን ያወቅሁት አያቱ ደብዳቤ ሊያስጽፉኝ በመጡ ጊዜ ነው። እሳቸው እንሰት ሲፍቁ፥ ውሃ የሚቀዳውና ታናሽ እኅቱን የሚያበላው እርሱ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ በዚያን ጊዜ መምህር ተማሪውን ይቅርታ መጠየቁ የተለመደ አልነበረም። ይህ ግን ምክንያት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያቸውን የምጽፍ እኔ ሆንሁ። ስለ ጤና፥ ስለ ጨው፥ ስለ ደብተር እጽፋለሁ፤ ልጁ ከጎናችን ቆሞ ይሰማል። አንድ ቀን እንኳ «አንተስ ምን ትላለህ?» አላልሁትም።

ወላጆቹ ለመስቀል መጡ። ክትፎ ተጠርቼ ነበርና ያመጡለትን አዲስ ጫማ ሲሞክር አየሁ። ተረከዙ አልገባ አለ። እናቱ የገዛችው ባለፈው ዓመት ትታው በሄደችው እግር ልክ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን በስንዝሯ እየለካች ዝም አለች። ልጁም፥ «አይጠብም፥ እማዬ፤ አይጠብም» ይላት ነበር።

ዛሬ በስልክ መተያየት ተችሏል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ፊትን እንጂ እግርን ማን ያሳይበታል?

ወላጆቹ ከተመለሱ በኋላ ለልጁ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ የወደደውን ይጽፍ ዘንድ ተውሁት። ብዙ አሰበ። ከዚያም ወረቀቱን መሬት ላይ አኑሮ ቆመበትና የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ሣለ። ከበታቹ የጻፈው «እግሬ ይህን ያህል ሆኗል» የሚል ብቻ ነበር።