«ባሩድ እንደሆነ ያው ባሩድ ነው»

መቱን የሚያውቅ ዝናቧንም ያውቃል። ከሁሩሙ እስከ ጎሬ፣ ከያዮ እስከ ቡሬ ያ ሁሉ አረንጓዴ በነፃ የመጣ አይደለም፤ ሰማዩ ሲያፈስ ነው የሚከርመው። ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድን ነገር ደረቅ አድርጎ ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በርበሬው፣ የበቆሎው ዘር፣ አንዳንዴም የቤት ካርታው ሳይቀር ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይወጣል። ጭስ እየጠጣ ይኖራል።

በቅርቡ ክረምት መቱ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማለዳ ከዚያው ቆጥ ላይ አንዲት የዛገች ቆርቆሮ ሲያወርዱ ደረስኩ። ውስጧ አሥራ አንድ የውጅግራ ቀለህ አለ። ባዶ ነው፤ የተተኮሰ። አጎቴ አንዱን አንስተው በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ላስሞላው ነዋ! ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎዬን ጨረሱት እኮ። ይሄ ልጅ አገሩ ሲመለስ ባሩድ ይልክልኛል።»

«ይሄ ልጅ» ከሚኒሶታ ለእረፍት የመጣው የልጃቸው ልጅ ነው። እዚያ በየመኸሩ አጋዘን ያድናል፤ ጥይቱንም የሚሞላው ራሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባሩድ እንደ ሚስማር ከሱቅ ይገዛል። ማታ ማታ ስለዚህ ሲያወራ አጎቴ ጆሯቸውን ጣል ሲያደርጉ ኖሯል።

ልጁ ነገሩ እንደ ቀልድ መሰለውና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ሁለት ዓይነት ባሩድ ነው። አንዱ ድቡልቡል፣ ሌላው ዘንግ ዘንግ። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ጤፍ ነው» አሉ ድቡልቡሉን። «ያኛው ደግሞ የተከተፈ ስንደዶ። የቱ ይሻላል?»

እኔም ጓጓሁ። ልጁ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳን። ዘንጉ እንደ ሊጥ ተቦክቶ፣ በቀዳዳ እየተገፋ እንደ ፓስታ ይወጣና ይቆረጣል። ድቡልቡሉን ፍሬድ ኦልሰን የተባለ ኬሚስት እዚያው አሜሪካ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲማሰል ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይረጋል። ድቡልቡሉ መስፈሪያ ውስጥ ልክ እንደ ጤፍ ስለሚንቆረቆር ልኩ አይዛነፍም፤ ብዙ ጥይት በአጭር ጊዜ ለሚሞላ ይመቻል። ዘንጉ ግን እርስ በርሱ ይደጋገፋል፤ መስፈሪያው አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ስለዚህ በሚዛን አንድ በአንድ ይመዘናል። ታዲያ ለምን ይለፋበታል? ብዙዎቹ የዘንግ ባሩዶች ሙቀትና ብርድ ቶሎ አይለዋውጣቸውም፤ ለሚኒሶታ ቅዝቃዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድቡልቡሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቀርሻ ያበዛል።

«እኔ ለአደን ዘንጉን፣ ለኢላማ ልምምድ ድቡልቡሉን ነው የምጠቀመው። ግን አባባ፣ ከሁለቱም በፊት የፋብሪካው መጽሐፍ ነው የሚታየው። ለየትኛው ጠመንጃ፣ ለየትኛው አረር፣ ስንት እንደሚገባ።»

«እንግዲያው ለኔ ጤፉን ላክልኝ» አሉ አጎቴ። «ምን መጽሐፍ ያስፈልገዋል? ባሩድ እንደሆነ ያው ባሩድ ነው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄኔ ነው። እኔም በዕድሜ ያነበብኩትን ለመናገር ዕድል አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ‹ያው ነው› በማለት የአሜሪካ ጦር እንኳ ተቀጥቷል» አልኳቸው። ኤም 16 የሚባለው ጠመንጃ መጀመሪያ የተሞከረው በዘንግ ባሩድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ጦሩ ድቡልቡሉ እንዲሞላ ፈቀደ። አረሩ ያው፣ ፍጥነቱ ያው። ግን አዲሱ ባሩድ አነዳዱ ስለተለየ ጠመንጃው ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ይተኩስ ጀመር፤ በውስጡ የነበረው የካልሲየም ካርቦኔት ቅሪትም የጋዙን ቱቦ ይደፍን ነበር። በዚያ ላይ «ይህ ጠመንጃ መወልወል አያሻውም» ተብሎ ብዙዎቹ ወታደሮች መወልወያ እንኳ አልተሰጣቸውም። ቬትናም ጫካ ውስጥ ጠመንጃው ነከሰ። የነከሰ ጠመንጃ እንደታቀፉ የሞቱ ልጆች ተገኙ። የአገሪቱ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1967 አጣርቶ ጦሩን በብርቱ ወቀሰ። ልብ በሉልኝ፤ ድቡልቡሉ ባሩድ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ኋላ ቅመሙም ጠመንጃውም ተስተካክሎ ድቡልቡሉ ሥራውን ቀጥሏል። ጥፋቱ «ያው ነው» ብሎ ሳይሞክሩ መለወጡ ነው።

ልጁ ቀበል አደረገና «አባባ፣ የእርስዎ ጠመንጃ እኮ ሁለቱንም አይችልም» አለ።

እውነቱን ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ ለጥቁር ባሩድ የተበጀ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ፈረንሳዮች ሌቤል የሚባል አዲስ ጠመንጃ ያዙና አሮጌው ግራ ለገበያ ወጣ። በባሕር ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጥይቱ በየገበያው እንደ ሳንቲም እስከ መመንዘር ደርሶ ነበር፤ ባዶውን ቀለህ የሚጥል ሞኝ አልነበረም። ጥቁሩ ባሩድ ደግሞ ቀለሁን እስከ አፉ ሞልቶት ነው የሚሠራው። ጭስ አልባውን በዚያው ልክ የሞላ ሰው ጠመንጃ ሳይሆን ቦንብ ነው የታቀፈው።

አጎቴ ዝም አሉ። ቀለሁን ቆርቆሮው ውስጥ መለሱት። ትንሽ ቆይተው «የአባቴን እጅ ታስታውሳለህ?» አሉኝ።

እንዴት እረሳለሁ! አያቴ የግራ እጃቸው ሁለት ጣት አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ ጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆና፣ ራስ እምሩም መጥተው፣ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ጠላት ሳይገባባት ቆይታለች። አያቴ የዚያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው። ጣታቸውን የጣሊያን ጥይት እንደቆረጠው እየተነገረን ነው ያደግነው። እኔም ትምህርት ቤት በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ።

«ጥይት አይደለም» አሉ አጎቴ። «የጣሊያን ጥይት ማርከው፣ ባሩዱን አራግፈው የውጅግራ ቀለህ ሞሉበት። እስከ አፉ። ቃታውን ሲስቡት ጠመንጃው ፈነዳ። የእሳቸውስ ጣት ነው፤ አጠገባቸው የነበረው የጎረቤት ልጅ ሁለት ዓይኑ ጠፋ። ‹የጣሊያን ባሩድ መርዝ አለበት› ብለው ነው የነገሩኝ። እኔም እስከዛሬ እንደዚያው ነበር የማምነው። የአሜሪካ ከሆነ ግን የወዳጅ ነው ብዬ...»

ይሄኔ አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። በየዓመቱ ቡና ሲለቀም አያቴ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ማዳበሪያ ለይተው ታች ሰፈር ወዳለው ዓይነ ስውር ሰውዬ ቤት ይልኩ ነበር። ለምን ብለን ስንጠይቅ «የሱ ድርሻ ነው» ከማለት በቀር አይመልሱም። ለካስ ዕዳ ነው! መርዙ ባሩዱ ውስጥ እንዳልነበረ እሳቸው ሳያውቁት አልቀሩም። ጀግና የተባለ ሰው «ተሳስቼ ነው» ማለት ከበደው፤ ግን ከፈለ። እስኪሞት ከፈለ።

«ያው ነው» የምትለው ቃል በኛ አገር ብዙ ቤት ትገባለች። ለጎረቤት የታዘዘውን መድኃኒት «በሽታችን ያው ነው» ብሎ የሚውጥ አለ። ለቡና የተገዛውን የተባይ መርዝ ለጎመን የሚረጭ አለ። ተመሳሳይ የሚመስል ሁሉ አንድ አይደለም። ስንሳሳት ደግሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እኛ ሳንሆን አጠገባችን የቆመው ነው።

ባሩዱ አልተላከም። ፈቃድ የሌለው ሰው ጥይት መሥራትም ሕግ የሚከለክለው ነው። በቆሎውን የጎረቤት ልጆችና ሁለት ውሾች እየተጯጯሁ ጠበቁት።

ኅዳር ላይ አጎቴ ደወሉ። ስለ ቡናው አወራንና ሊዘጉ ሲሉ «ያ ሰውዬ የልጅ ልጆች አሉት፤ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«አሉት። ድርሻቸውን አውጥቻለሁ።»