አንቱ የሚል ድምፅ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ከዘራ አስያዙኝ። በሊበን ተወልጄ፣ በፍኖተ ሰላም ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ ጠመኔውን አስቀመጥሁ። “ከእንግዲህ የመምህር ሥራ ተቀምጦ መመረቅ ነው” ብለው ቀለዱብኝ። ተቀምጦ መመረቁ ግን አልሆነም። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ዐረፈች፤ ልጃችንም “አባዬ፣ ብቻዎን አይኖሩም” ብላ ወደምትኖርበት ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አመጣችኝ።

ከተማዋ ለአማርኛ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕጓ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚና የተተረጎመ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ ፊደላችንን በአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ አየሁት። የአስተማሪ ዓይን ክፉ ነውና ደስ ከመሰኘቴ በፊት የ“ሀ”ን እና የ“ሐ”ን ስሕተት መፈለግ ጀመርሁ።

ይሁን እንጂ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቋንቋና በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ለየቅል ናቸው። ልጄና ባሏ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ ማታ ሲገቡ ድካም ምላሳቸውን አስሮት ነው። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኔም አነሣለሁ፣ በዚያው ያበቃል። ፍኖተ ሰላም ሳለሁ ከቤቴ እስከ ገበያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ የሚያዘገየኝ ሰላምታው ነው። እዚህ ሰፈሩን በሙሉ ዞሬ በሩብ ሰዓት እመለሳለሁ።

ባለፈው መስከረም ለደም ግፊቴ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሟ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አንዲት ወጣት፣ ስሟን ሳይሆን የሥራ ቁጥሯን ተናግራ፣ “እንደምን አደሩ አባባ? አንቱ የሚሉትን ለሐኪሟ፣ ሐኪሟ የሚሉትን ለአንቱ አስተረጉማለሁ” አለችኝ። አንቱ! የአዲስ አበባው “እርስዎ” አልነበረም፤ ያገሬ “አንቱ” ነው። “ከየት ነሽ ልጄ? ከቡሬ ነሽ ወይስ ከማንኩሳ?” አልኋት። “ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ከሕክምናው ውጭ ማውራት አይፈቀድልንም” አለች።

ግፊቴ ተለካ፤ መድኃኒቴ ታዘዘ። በመጨረሻም ሐኪሟ ሌላ የሚያመኝ ነገር እንዳለ ጠየቀች። የለም ካልሁ ስልኩ ሊዘጋ ነው።

“ጉልበቴን ያመኛል” አልሁ።

ከመቼ ጀምሮ? ሲቀመጡ ነው ወይስ ሲነሡ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሴን አስረዘምሁት። ሌሊት እንደ ምጣድ እንደሚግል፣ ሊነጋ ሲል እንደ ማረሻ እንደሚቀዘቅዝ ተረክሁ። ልጅቷ ማረሻውን ለማስረዳት ስትደክም ሰማሁ፤ ሳቋን ስትይዝም የሰማሁ መሰለኝ። ሐኪሟ ራጅ አዘዘች፤ አንዳችም ነገር ያልነካው ጉልበቴ በሰው ገንዘብ ተነሣ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች እንዳይዋሹ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅናዬ ለአንዲት ተውላጠ ስም ስል ዋሸሁ።

በጨለማው ውስጥ ትዝ ያሉኝ ለከተማዬ ስም ያወጡላት ንጉሥ ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው ሲመለሱ ነው የጥንቷ ወጀት “ፍኖተ ሰላም” የተባለችው። ከዚያ በፊት ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያጻፉት እዚያው፣ አማርኛ በማይነገርበት ከተማ፣ በአማርኛ ነው። የኖሩበትን ፈርፊልድ የተባለ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ ሲሰጡ፣ የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ነበር። በባዝ ሳሉ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ለምን አረጋውያንን እንዳሰቡ የጻፉት ነገር አላነበብሁም፤ እኔ ግን በዚያ ሌሊት የገባኝ መሰለኝ።

እርሳቸው በመጨረሻ የሚመለሱበት መንገድ አገኙ። የእኔ ከተማ ስሟ የሰላም መንገድ ቢሆንም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስንት ቀን ስልክ እየደወልሁ መልስ አጥቻለሁ። ስለዚህ “እመለሳለሁ” የሚለውን ቃል አላስወጣውም፤ አልሰርዘውምም።

ጧት ለልጄ ሁሉን ነገርኋት። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ስልኩም ቴሌቪዥኑም ይዘጋል፤ ቡና ባይኖር ሻይ ይፈላል፤ እናወራለን። ከልጅ ልጄም ጋር ውል ገብተናል፤ እርሷ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታስተምረኛለች፣ እኔ አንድ ፊደል አስቆጥራታለሁ። ባለፈው ሳምንት “አያቴ፣ በእንግሊዝኛ ‘ዩ’ አንድ ነው፤ በአማርኛ ለምን በዛ?” አለችኝ። “የእኛ ቋንቋ ሰውን ከማናገርሽ በፊት ቀና ብለሽ እንድታይው ስለሚያስገድድሽ ነው” አልኋት። አሰብ አድርጋ፣ “እሺ፣ አንተ” አለችኝ። አላረምኋትም፤ ቀና ብላ አይታኝ ነበርና።

ትናንት ቀጠሮዬ ደረሰ። በስልኩ የመጣው ሌላ አስተርጓሚ ነው፤ ወጣት ወንድ፣ “እርስዎ” የሚል። ሐኪሟ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጉልበቴ ነበር።

“ደኅና ነው” አልሁ። “ባለፈውም ደኅና ነበር። የዋሸሁት የሚያናግረኝ ሰው ፈልጌ ነው።”

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። “አባባ፣ ይህንኑ እንዳለ ልተርጉመው?”

“ተርጉመው ልጄ፤ አንዲት ቃል ሳታስቀር።”