ሲሞላ በላዩ ይቀዳል

እንጀራዬ ካሜራ መግጠም ነው። ጎባና ሮቤ ውስጥ የስንቱ ሱቅና መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገመድ ዘርግቻለሁ። ሥራዬን ሳስረክብ ለባለቤቱ ሳልናገር የማልወጣት ነገር አለች፦ «ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ይቀዳል፤ የምትፈልጉት ካለ ቶሎ አውጡት።» ለሰው ሁሉ የምነግረውን እኔ ለገዛ ደሜ አልሆንኩበትም።

አጎቴ ባለጋሪ ነበር። በጥር፣ የስንዴ ጭነት ሌት ተቀን በሚመላለስበት ሰሞን፣ ከጎባ ሮቤ በሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቶት አመለጠ። ሌሊት ነው፤ ጉም ወርዷል። የደረሰው ሰው ያየው የኋላ መብራቱን ቅላት ብቻ ነው። የፊት መብራቱ ስባሪ መንገዱ ላይ ተበትኖ ነበር። ሬሳ ለማንሳት ስንረባረብ ረገጥነው፤ ሲነጋ ደግሞ አንዱ ጎማ ይበሳል ብሎ በቅጠል ጠርጎ ቦይ ውስጥ ጨመረው።

ሮቤ መግቢያ ላይ አንድ ማደያ አለ፤ ካሜራው መንገዱን ያያል። ወደ ዲንሾና አዳባ የሚያመልጥ መኪና በፊቱ ሳያልፍ አይቀርም። በዚያ ሰዓት አንድ ዓይኑ የጠፋ የጭነት መኪና ስንት ሊያልፍ ይችላል?

በሦስተኛው ቀን ለድንኳኑ ወንበር በባጃጅ ጭኜ በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ሄጄ ለሚመለከተው ክፍል ተናገርኩ። ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ና። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ከሩቅ አገር ለቅሶ ደራሽ መጣ። ዘመድ አዝማዱም «መጀመሪያ ሐዘናችንን እንወጣ» አለ፤ እሱንም እሺ አልኩ። የትራፊክ አደጋ ስለሆነ ጉዳዩ የትም አይሄድም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ባለማደያውን «ወንድሜ፣ ቀረጻው ያለበትን ይህን ሳጥን ንቀልልኝ፣ ምትኩን አሁን አመጣለሁ» ማለት እንዴት ያቅተኛል? ያልተከፈተ ሃርድ ዲስክ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነበረኝ።

ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ድሮ ቢሆን አገሬው አፈርሳታ ተቀምጦ ወፏ ትናገር ነበር» አሉ። ወፍ የሚባለው በዚያ የአውጫጪኝ ሸንጎ ላይ ማንነቱ ሳይገለጥ ያየውን የሚያወጣው ሰው ነው። የእኛ ወፍ ምሰሶ ላይ ሆና ስትጠብቀን ነበር።

ደብዳቤው በ19ኛው ቀን እጄ ገባ። ሳጥኑ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የቀን መቁጠሪያውን ከፈትኩ። ቀረጻ ያለበት ቀን ቀለም አለው፤ የሌለበት ነጭ ነው። የአጎቴ ቀን ነጭ ነበር። ማግስቱም ነጭ። ቀለሙ የሚጀምረው ከሦስተኛው ቀን ነው። ተጫንኩት። ወንበር በጫነ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቀና ብዬ ካሜራውን ሳይ ራሴን አየሁት።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መርማሪ ሊጠፋ የሚችል መረጃ ባለበት እንዲቆይ በጽሑፍ የሚያዝበትን መንገድ አስቀምጧል። የታሰበው ለኮምፒውተር ወንጀል እንጂ ሰው ገጭቶ ለሚያመልጥ አይደለም። ብልሃቱ ግን ያው ነው፤ ምርመራው ይቆይ፣ መረጃው አይጥፋ። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ካሜራ ተተከለ ሲባል ሙያዬ ነውና ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ያ ነጭ ቀን ዓይኔ ላይ ይመጣል። የካሜራው ብዛት ይነገረናል፤ ምስሉን በማግስቱ ሮጦ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ግን ማንም አይነግረንም። እኛ ጋ ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስቀጣል፤ የሚቀጣው ሰው ከተገኘ። የእኛ መዝገብ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። ወረቀቱን ያነበብኩላት ለሚስቱ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«ልጄ፣ የማደያው ካሜራ አላየም?»

«የዚያን ሌሊት አይሠራም ነበር፣ እትዬ።»

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «አንተ ገጥመኸው ቢሆን ይሠራ ነበር» አለችኝ።