የባጃጁ ልብስ

ባሕር ዳር ላይ አንዳንድ ባለባጃጅ ሞተሩን ከማስጠገኑ በፊት ዳሽቦርዱን ያስለብሳል። ወደ ዓባይ ማዶ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጡ እንጨት በሚመስል ስቲከር ተሸፍኗል፤ የህንድ ፕላስቲክ ዋንዛ መስሎ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ፣ ዋናው ማጽዳቱ ነው» አለኝ ሾፌሩ ልጅ፣ እንዴት እንደሚለጠፍ ስጠይቀው። «ቅባት ከነካው አይዝም። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ፣ አየሩን ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ መለጠፍ።»

ቪኒል ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ ከተሳበ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰብና ጠርዙ ይላቀቃል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትምርም።

ለጣና ዳርቻ መለጠፍ ብርቅ አይደለም እኮ! ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም፣ ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ይህን ብነግረው ሳቀ።

«እነሱን ማን ይቀይራቸዋል፣ ጋሼ! እኔ ባጃጄን ለጥምቀት ጥቁር ላስለብሳት ነው።»